በአገልግል የታየች ከተማ

አንድ በሐይቅ ዳር የተሠራች ከተማ ነበረች። ውብ ነበረች፤ ይህን የሚክድ ሰው አላውቅም። አደባባይዋ በነጭ ድንጋይ የተነጠፈ ነው። መሃሉ ላይ ውሃውን ወደ ሰማይ የሚረጭ ፏፏቴ አለ፤ ዙሪያውን ደግሞ ሰገነት በሰገነት ላይ ተደራርቧል። ባለጸጎች ምሳቸውን የሚበሉት ከሰገነቱ ላይ ሆነው ፏፏቴውን ቁልቁል እያዩ ነው። እዚያ ላይ ለአንድ ወንበር የሚከፈለው ገንዘብ ለአንድ ገበሬ በሬ ይገዛለታል ይባል ነበር።

ከዚያች ከተማ የተመለሰ ሰው ሁሉ ይዞት የሚመጣው ወሬ አንድ ዓይነት ነው። ስለ ሐይቁ አያወራም፤ የሚያወራው ስለ ከፈለው ነው። «ኪስህ ካልሞላ እዚያ ድርሽ እንዳትል፤ ከተማዋ ለአንተ ቢጤ አይደለችም» ይላል። እንዲህ የሚሉ ሰዎች እኔንም በዘመኔ ገጥመውኛል። ምን አያችሁ ብለህ ስትጠይቃቸው ይደናገራሉ፤ ስንት አወጣችሁ ስትላቸው ግን ሳንቲም ሳያስቀሩ ይዘረዝሩልሃል። ደሜን የሚያፈላው ይኼ ነው።

ከከተማዋ ራቅ ብሎ ካለ አንድ መንደር ደግሞ አመልማል የምትባል ስፌት ሰፊ ትኖር ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስንዱ የምትባል አንድ ልጇን ያሳደገችው አገልግል እየሰፋች ነው። አገልግል የማያውቅ ካለ፣ ለመንገደኛ የስንቅ መያዣ ነው፤ አክርማ በሚባል ሣር ይሰፋል፣ ውጪው በቆዳ ይለበጣል፣ ክዳኑ በጠፍር ይታሰራል። የአመልማል አገልግል ዝናብ የማያስገባ ነው ይባልለት ነበር። እሷም ይህን ሲሏት ደስ ይላታል፤ ደስታዋንም አትደብቅም።

ስንዱ ለትዳር ደረሰች። ከዚያችው ከተማ እህል ሊገዛ የመጣ የባለጸጋ ልጅ አያት፣ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ፣ የሰርጉም ቀን ተቆረጠ። መንደሩ በሙሉ «ስንዱ አለፈላት» አለ። ነገር የተበላሸው የልጁ እናት ልጅቷን ላያት ብላ የመጣች ቀን ነው። አጸደ ትባላለች፤ ከመደቡ ጫፍ ላይ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች፣ የቀረበላትን ሳትነካ የቤቱን ጣሪያና የአመልማልን እጅ አየች፣ ከዚያም መንገዱ ሩቅ ነው ብላ ተነሣች። ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ደግ ቃልም አልወጣትም።

ከዚያች ቀን ወዲህ ስንዱ ሌላ ሰው ሆነች። ስትስቅ አፏን መሸፈን ጀመረች። እንግዳ ሲመጣ የእናቷን በወስፌ የተበሳሱ ጣቶች በነጠላዋ ጫፍ ትጋርዳለች። እናት ደግሞ ይህን አታይም ማለት ዘበት ነው። አየች፣ ዋጠችው፣ አሁንም አየች። በመጨረሻ አንድ ቀን ወስፌዋን ከአክርማው ላይ ሰካችና ተናገረች።

«ከሰርጉ በፊት ሄደን ከተማዋን እናያታለን።»

ስንዱ ደነገጠች። «በምን ገንዘብ ነው የምናያት?»

«በዓይናችን ነዋ። ሰው በገንዘብ ያያል እንዴ?»

«እማዬ፣ የልጁ ቤተሰቦች ቢያዩንስ? እንዲህ ሆነን?»

«እንዴት ሆነን?» አለች አመልማል። ልጅቷ የእናቷን ጣቶች አየች። እናት ጠጋ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ፣ ልጄ። ያቺን ከተማ መጀመሪያ የምታያት በባልሽ ኪስ ከሆነ፣ ሐይቁም ሰማዩም እነሱ የሰጡሽ ይመስልሻል። የሰጡሽን ነገር ደግሞ ይወስዱብኛል ብለሽ ስትፈሪ ትኖሪያለሽ፤ ዕድሜ ልክሽን አንገትሽን እንደደፋሽ። እኔ እያለሁማ ይኼ አይሆንም። መጀመሪያ በራስሽ እግር ሄደሽ፣ የራስሽን ስንቅ በልተሽ ታያታለሽ። ከዚያ በኋላ አግቢ፣ እልል እልልሻለሁ።»

ስንዱ እሺ አላለችም፤ እምቢም አላለችም። አመልማል ግን እሺ ያለች አድርጋ ቆጠረችውና ገብስ መቁላት ጀመረች።

በሶውን በቅቤ አሽታ ጭኮ አደረገችው፣ ዳቦ ቆሎውን ጨመረችበት፣ ሁሉንም በራሷ አገልግል ውስጥ አሰናድታ በጀርባዋ አዘለችው። አሞሌ ጨው የጫኑ ነጋዴዎች ወደዚያው ሲያልፉ ነበርና ከበቅሎዎቹ ኋላ ተከትለው ሄዱ። ማታ ከከተማዋ ውጪ ካለ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም አደሩ፤ ለእንግዳ ነው የተሠራውና ማንም ምን ትሠራላችሁ አላላቸውም። ገና ጎህ ሲቀድ ከከተማዋ በር ደረሱ።

በሩ ላይ አንድ ዘበኛ ቆሟል። ወጣት ነው፤ ፊቱን ግን ሽማግሌ ለማስመሰል ጨፍግጎታል። «ምን ልትገዙ ነው የመጣችሁት?» አላቸው።

«ምንም» አለች አመልማል።

«ምን ልትሸጡ ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ልናያት ነው።»

ዘበኛው ዞር ብሎ ከተማዋን አያት፤ የሚታይ ነገር እንዳላት ለማረጋገጥ የፈለገ ይመስላል። «ማየት ብቻ?»

«ለዓይን ቀረጥ አለው እንዴ፣ ልጄ?»

ዘበኛው የታዘዘውን ሁሉ በሐሳቡ አገላበጠ። ለበቅሎ ቀረጥ አለው፣ ለማር አለው፣ ለቆዳ አለው። ለዓይን የለውም። ከመንገዱ ገለል አለላቸው።

እንግዲህ የዚያን ዕለት ጠዋት ያዩትን ልንገራችሁ፤ ኪሳቸው የሞላ ሰዎች አልነገሩንምና። በመጀመሪያ ሐይቁን አዩ። ፀሐይ ስትወጣ ውሃው መጀመሪያ ግራጫ ነበር፣ ቀጥሎ ቀይ ሆነ፣ ከዚያ ማየት እስኪያቅት ድረስ አበራ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን እየጎተቱ ይዘፍኑ ነበር። ያን ሰዓት ባለጸጎቹ ሁሉ መስኮታቸውን ዘግተው ተኝተዋል፤ ስለዚህ በዚያች ከተማ ውስጥ ውድ የተባለው ሐይቅ ለእነዚህ ለሁለቱ ሴቶች ብቻ ቀረ። አመልማል እጇን አጣምራ፣ «የኛ ነው ዛሬ» አለች። ስንዱ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ድረስ ወደ ታች ሳበችው።

ቀጥለው ከፍልውሃው ቤት አጥር ሥር ደረሱ። ፍልውሃው ከተራራው ሥር ይመነጭና ወደ መታጠቢያው ከመግባቱ በፊት ሞልቶ የሚተርፈው በአንድ ቦይ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። አመልማል ከቦዩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን ነከረች፤ በመንገድ የተሰነጠቀ ተረከዟን ሙቁ ውሃ ሲያገኘው ዓይኗን ጨፈነች። ስንዱም ከጎኗ ተቀምጣ እግሯን ነከረች። ከአጥሩ ወዲያ የባለጸጋ ሴቶች ሳቅ ይሰማል።

«እነሱ ለዚሁ ውሃ ነው የከፈሉት?» አለች ስንዱ በሹክሹክታ።

«ለዚሁ ነው። እንዲያውም ለእኛ ነው ቀድሞ የሚደርሰን።»

ስንዱ ሳቀች። ሳቋ አምልጧት ነው፤ አፏንም ለመሸፈን ረሳች። እናቷ አይታ እንዳላየች ሆነች። ግን መንገድ ላይ ሰው ሲበዛ ነጠላዋ ተመልሶ ወረደ።

ከአንድ የጌጥ ሱቅ ፊት ለፊት ሲደርሱ አመልማል ቀጥ ብላ ቆመች። ግድግዳው ላይ መሶብና አገልግል ተሰቅሏል፤ ቆዳው ተወልውሎ ያብረቀርቃል። «ክዳኑ ይከፈታል?» ብላ ጠየቀች። ባለሱቁ በሐዘኔታ አያት። «ለምን ይከፈታል፣ እናቴ? የግድግዳ ጌጥ እኮ ነው። ትልልቅ ቤት ሁሉ ይሰቅለዋል። እንዳይላላ ብለን ጠፍሩን በሙጫ አጣብቀነዋል።» አመልማል እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ባለሱቁ ምን እንዳሳቃት አልገባውምና እሱም ለትሕትና ብሎ አብሮ ሳቀ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ከአደባባዩ ገቡ። ሰገነቶቹ ሞልተዋል፤ የሹካና የሳህን ድምፅ ከላይ ይወርዳል። አመልማል የፏፏቴው ደረጃ ላይ ተቀመጠች፣ አገልግሉን ከጀርባዋ አውርዳ ጠፍሩን ፈታች፣ ክዳኑን ከፈተች። የቅቤውና የተቆላው ገብስ ሽታ ወጣ። አማተበችና ለመጀመሪያው አላፊ፣ «እንብላ» አለችው።

በእነሱ አገር ሰው እየበላ ሌላ ሰው ሲያልፍ ዝም አይባልም። የተጣሉት ሰው እንኳ ቢያልፍ እንብላ ይባላል። ያለፈውም «ብሉ» ብሎ መርቆ ይሄዳል፣ አለበለዚያ ጎንበስ ብሎ ይቀምሳል። እንብላ ያልተባለ ሰው ቂም ይይዛል፤ እውነቱን ነው። በዚያች ከተማ ግን ይህ ቃል ከጠፋ ቆይቷል። እዚያ የሚበላው የከፈለ ነው፣ ያልከፈለ ደግሞ አይበላም፤ በሁለቱ መካከል ሌላ ነገር መኖሩን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ያ አላፊ ሰው ቆመና ኪሱን ዳበሰ። «ስንት ነው?» አላት።

«ምኑ?»

«ምግቡ።»

«እንብላ አልኩህ እንጂ ግዛኝ አልኩህ?»

ሰውየው ፈራና ሄደ። ቀጥሎ ያለፈችውም ሴት «ስንት ነው?» አለች። ከዚያ በኋላ ያለፉት ባልና ሚስትም እንደዚያው። አመልማል ግን አልደከማትም፤ ላለፈው ሁሉ እንብላ ትላለች። ሰው መሰብሰብ ጀመረ፤ ከሰገነቱም ላይ አንገታቸውን ያሰገጉ ነበሩ። ስንዱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ከእናቷ ጀርባ ተሸጎጠች።

ይሄኔ ዘበኛው መጣ። ያው የጠዋቱ ዘበኛ ነው፤ ከበሩ ወደ አደባባዩ ተዛውሯል። «እናቴ፣ እንደገና አንቺ ነሽ? እዚህ መሸጥ ክልክል ነው» አላት።

«አልሸጥኩም።»

«መለመንም ክልክል ነው።»

«እየበላሁ ሳለ ምን ብዬ እለምናለሁ?»

«ታዲያ ሰውን ሁሉ የምትጠሪው ለምንድን ነው?»

«ልጋብዛቸው ነዋ። መጋበዝስ ክልክል ነው?»

ዘበኛው አንገቱን አከከ። «ስለ መጋበዝ የታዘዝኩት ነገር የለም» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያስ እንብላ።»

«ሥራ ላይ ነኝ» አለና ከጎን ቆመ። ሽታው ግን ደርሶታል፤ ከቦታው አልራቀም።

ልክ በዚያ ጊዜ አንዲት ሴት በተሸለመች በቅሎ ተቀምጣ፣ ጥላ የያዘች ሠራተኛ አስከትላ ወደ ሰገነቱ ስታልፍ የተሰበሰበውን ሰው አይታ ቆመች። ስንዱ በነጠላዋ ቀዳዳ አየቻት፤ አጸደ ናት፣ አማቷ ልትሆን ያለችው። ልጅቷ ደሟ ከፊቷ ሸሸ። የእናቷን ቀሚስ ጎተተች። «እማዬ፣ እሷ ናት። እባክሽ ዝጊው። ክዳኑን ዝጊውና እንሂድ።»

አመልማል እጇን ክዳኑ ላይ አኖረች። አልተቆጣችም። «አንቺ ካልሽ እዘጋዋለሁ» አለች። «ግን እወቂው፣ ዛሬ ከዘጋሁት አንቺ ባለሽበት ሁለተኛ አልከፍተውም። ወደ ቤትሽም ስመጣ በጓሮ በር እገባልሻለሁ። ምን ይሻላል? ንገሪኝ።»

ስንዱ ከመመለሷ በፊት አጸደ ከበቅሎዋ ሳትወርድ ቀረብ አለች። አውቃቸዋለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ግን ቅርብ ያለው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ «ወይዘሮ አመልማል፣ ምነው ባሳወቁን ኖሮ?» አለች። «ማረፊያ እንከራይልዎት ነበር። እዚህ ሰው ያየናል፤ በልጄ ሰርግ ላይ የሚጠሩት ሰዎች ናቸው እላይ የተቀመጡት። ይህን ዕቃ ይክደኑና ሠራተኛዬን ይከተሏት። በኋላ በኩል ሰው የማይበዛበት መንገድ አለ።»

አመልማል ልጇን ነበር የምታየው፤ እጇም ክዳኑ ላይ ነው።

ስንዱ ተነሣች። ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። የእናቷን እጅ ከክዳኑ ላይ አነሣች፣ ከጭኮው ጠቅለል አድርጋ ቆረሰች፣ እጇን ወደ በቅሎዋ ዘረጋች።

«እትዬ አጸደ፣ እንብላ» አለች።

አጸደ ፊቷ ቀላ። «ልጄ፣ የት ቦታ እንደቆምሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ከጎህ ጀምሮ ሳየው ነው የዋልኩት። ሐይቁ ሲቀላ አይቻለሁ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሲዘፍኑ ሰምቻለሁ፣ እግሬን በፍልውሃችሁ ታጥቤያለሁ። ያሳየችኝ እናቴ ናት፣ ያበላችኝም እናቴ ናት። ቤትዎ እመጣለሁ፣ ልጅዎን እወደዋለሁና። ግን በኋላ በኩል ባለው መንገድ አልመጣም።»

«ሰርጉ ቢቀርስ?»

አመልማል ያን ጊዜ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች፤ የፈለገችው ልጇ እንድትቆም እንጂ እንድትጎዳ አልነበረም። «ከቀረ አለቅሳለሁ» አለች ስንዱ። «እናቴን ደብቄ የሚሆን ከሆነ ግን ይቅር። አሁን እንብላ ብዬዎታለሁ፤ እጄ ተዘርግቷል።»

አጸደ እጁን አየችው። ወደ ሰገነቱም ቀና አለች፤ እዚያ ያሉት ሁሉ መብላት ትተው ያያሉ። ከዚያ የበቅሎዋን ልጓም መለሰችና ሄደች።

የስንዱ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ሰው ሁሉ እጇን ምን እንደምታደርገው ለማየት ቆሟል። ዘበኛው ያን ጊዜ ጦሩን ከደረጃው ጋር አስደግፎ እጁን በፏፏቴው ታጠበ። ፏፏቴው ውስጥ እጅ መንከር ክልክል ነው፤ ክልክል ነው እያለ የሚያባርረውም እሱ ነበር። «እኔ ልጉረሰው» አለ። ጎረሰ። ቀስ ብሎ አኝኮ፣ «እናቴ እንዲህ ነበር የምትሠራው» አለ። ከዚያ ሌላ ሰው መጣ፣ ከዚያም ሌላ። አሁን ማንም ስንት ነው አላለም።

አመልማል ልጇን ከጎኗ አስቀመጠቻት። «ታለቅሻለሽ እንዴ?»

«አዎ።»

«ከቆጨሽ አሁኑኑ ሄደን እናስረዳታለን። እኔ እለምንልሻለሁ።»

«አልቆጨኝም። እያለቀስኩ ልብላበት፣ ተይኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት ፏፏቴውን ሊሰናበቱ መጡ። ሲደርሱ አንዲት ሴት በእግሯ አደባባዩን ስታቋርጥ አዩ፤ በቅሎ የለም፣ ጥላ የለም፣ በሁለት እጇ አገልግል ታቅፋለች። አጸደ ናት። እንደደረሰች ቀሚሷን ሳትሰበስብ ከደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ትናንት ምሳ ቀረበልኝ» አለች። «ሠራተኞቼ ዙሪያዬን ቆመዋል። ስንት ዓመት ቆመው ሲያዩኝ በልቻለሁ፤ አንድ ቀን እንብላ ብያቸው አላውቅም። ትናንት ግን ያ እጅ ትዝ እያለኝ አላስበላኝም። ማታ ለልጄ ነገርኩት። ‹እኔ ብሆን ጎርሼ ነበር› ብሎኝ ከቤት ወጣ።» አገልግሉን ወደ አመልማል ገፋ አደረገችው። «እሳሎን ግድግዳዬ ላይ ነበር። ጠፍሩን በቢላዋ ነው የከፈትኩት።»

አመልማል አገላበጠችው። «የኔ እጅ አይደለም፤ ስፌቱ ላላ ያለ ነው» አለች። እውነትም የእሷ አልነበረም። ክዳኑን ስታነሣ ውስጡ ቆሎ ነበር፤ ገሚሱ አርሯል።

«ራሴ ነኝ የቆላሁት» አለች አጸደ።

«ይታያል» አለች አመልማል። አንድ ፍሬ አንሥታ ቆረጠመችና ጨመረች፤ «ይበላል ግን።»

ይህን ሲባባሉ አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ወደ ሥራው ሲያልፍ አገልግሉን አይቶ ቆመ። «ስንት ነው?» አለ። ጥያቄው ለአጸደ ነው። የባለጸጋዋ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀላ። ስንዱን አየቻት፣ እንድታድናት። ስንዱ ግን ዝም አለች። አመልማልም ዝም አለች። ይህቺን ቃል ማንም ለማንም ሊልለት አይችልም።

«አይሸጥም» አለች አጸደ። ድምጿ በጣም ትንሽ ነበር። «እንብላ።»

ሰውየው ግራ ተጋባ። ከዚያ ከየት እንደመጣለት ራሱም ሳያውቀው፣ ምናልባት አያቱ ስትል ሰምቶ ይሆናል፣ ባርኔጣውን አነሣና «ብሉ፣ ይባረክ» አለ። ይህን ብሎ መንገዱን ቀጠለ፤ ሁለት ጊዜም ዞሮ አያቸው።

አጸደ ወደ ስንዱ ዞረች። «የትናንቱ እጅ ዛሬም አለ?» አለቻት።

«አለ» አለች ስንዱ። ከአገልግላቸው ውስጥ ከቀረው ጭኮ ጠቅልላ አጎረሰቻት። አጸደ ዓይኗን ጨፍና በላች፤ ስታለቅስም አፏን አልሸፈነችም።

ሰርጉ ተደረገ። ድግሱ ከሰገነቱ ላይ ሳይሆን በፏፏቴው ደረጃ ላይ እንዲሆን ስንዱ ጠየቀች፤ ተፈቀደም። አመልማልም በፊት ለፊት መንገድ፣ አገልግሏን አዝላ ገባች። ዘበኛው በዚያም ቀን የታዘዘውን ሁሉ በሐሳቡ አገላበጠ፤ ስለ መጋበዝ አሁንም ክልክል የሚል ነገር አላገኘም።

ነገሩ ይኼ ነው። በገንዘቡ ከተማ የገባ ሰው፣ ገንዘቡ እስኪያልቅ ድረስ እንግዳ ነው፤ ሲያልቅ ይወጣል። የራሱን ስንቅ ከፍቶ እንብላ ያለ ሰው ግን በተቀመጠበት ሁሉ ጋባዥ ነው፤ ጋባዥን ደግሞ ከየት ታስወጣዋለህ? ስለዚህ ኪስህ ሳይሞላ አትሂድ የሚሉህን አትስማቸው። ሐይቁን እነሱ አልሠሩትም፣ ፀሐዩንም እነሱ አያወጡትም። ስንቅህን ቋጥር፣ እናትህን አስከትል፣ በፊት ለፊት በር ግባ፣ ደህና ቦታ መርጠህ ተቀመጥ። ማንም ቢገላምጥህ ክዳኑን እንዳትዘጋ።

እስቲ ደግሞ እኔ ልጠይቅህ፤ በመጨረሻ ከሄድክበት ውብ አገር ስትመለስ ለሰው ያወራኸው ያየኸውን ነው ወይስ የከፈልከውን? እዚያ ሳለህስ፣ እየበላህ አጠገብህ ያለፈውን ሰው እንብላ ብለኸዋል?